«ዶክተሩ እኔ ነኝ»

ባለፈው ክረምት አክስቴን ይዤ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። አክስቴ የገጠር ሰው ናት፤ ሆዴን አመመኝ ብላ ነው የመጣችው። ከጧቱ 1 ሰዓት ተሰልፈን ተራችን የደረሰው ወደ 5 ሰዓት ግድም ነው። ስንገባ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ በዕድሜ ከኛ ከተማሪዎቹ እምብዛም የማትርቅ ወጣት ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣለች።

«የት ጋ ነው የሚያምዎት፣ እናቴ?»

«እዚችው ሆዴን ነው የኔ ልጅ። እንዲያው ትንሽ ቆረጥ ያረገኛል።»

«ሌላስ? የሚፈስዎ ደም አለ?»

«ኧረ ምንም!»

ወጣቷ ጻፈች፤ ጠየቀች፤ ደግሞ ጻፈች። በመጨረሻ የላቦራቶሪ ወረቀት ሰጠችንና ልንነሣ ሆነ። አክስቴ ግን ንቅንቅ አላለችም። ነጠላዋን አስተካከለችና «በይ እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጡት? ለሳቸው የምነግራቸው አለኝ» አለቻት።

«ዶክተሩ እኔ ነኝ» አለች ወጣቷ።

አክስቴ ክው አለች። «ይቅር ይበሉኝ፣ አላወቅሁም» ብላ ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» ባንድ ትንፋሽ ተሻገረች። እውነተኛው ሕመም የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ 10 ዓመት ያለፋት ሴት 2 ወር ሙሉ ደም ሲፈስሳት ኖሯል። ይህንን ለዶክተሩ ብላ ሸሽጋ ይዛ፣ ዶክተሯን «ምንም» ብላ ልትወጣ ነበር። አክስቴን ለማማት አይደለም ይህን የምጽፈው። እኔ ራሴ፣ ሴት ሆኜ፣ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ፣ በሩን ሳንኳኳ ያልኩት «ሲስተር፣ መግባት ይቻላል?» ነው። ልጅቷ ሰምታኛለች። አላረመችኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከሁሉ በላይ ስታብሰለስለኝ የነበረችው ያቺ አጭር መልስ ናት። ለምን «ዶክተሯ እኔ ነኝ» አላለችም? አማርኛ እኮ በጾታ ነገር የማይምር ቋንቋ ነው። ሂድ ወይም ሂጂ፣ መጣ ወይም መጣች ሳይሉ ስለ አንድ ሰው ወሬ መጀመር አይቻልም። ግሱ ራሱ ያጋልጣል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሕግ አንድ ማምለጫ አለ፤ እሱም አክብሮት ነው። መጡ፣ ተቀመጡ፣ መድኃኒት አዘዙ ስንል ሰውዬው ይሁኑ ሴትዮዋ አይታወቅም። ሰው ሲከበር ጾታው ከግሱ ላይ ይወልቃል ማለት ነው። ከግሱ ላይ ይውለቅ እንጂ ከሰሚው ሐሳብ ግን አይወልቅም። «ዶክተሩ መጡ» ሲባል ሰሚው በልቡ የሚስለው ወንድ ነው። አክስቴ ስትጠብቃቸው የነበሩት ዶክተር እኒያ ናቸው፣ በአክብሮት ግስ ውስጥ የተቀመጡት ወንድ። ወጣቷ ሐኪምም የተጠየቀችው ስለሳቸው ስለሆነ መልሷን በሳቸው ቦታ አስገባችው።

ስሞቻችንስ? ንጉሥ ንግሥት አለው፤ ልዑል ልዕልት፣ መነኩሴ መነኩሲት፣ ክቡር ክብርት። በትምህርት ቤት መምህር እገሌ ሲባል መምህርት እገሊትም ትባላለች፤ መዝገቡ ላይ እንኳ «መ/ር» እና «መ/ርት» ተብሎ ተለይቶ ይጻፋል። «ዶክተር» የሚለው የላቲን ቃል ሥሩ ማስተማር ነው፤ ትርጉሙም ያው መምህር ነው። እንግዲህ ቃሉን በገዛ ቋንቋችን ብንለውስ ኖሮ ሴቷ የራሷ ማዕርግ ነበራት። «ዶክተርት» ወይም «ሐኪምት» ብሎ የሚሞክር ካለ ግን ይሣቅበታል። ሐኪሟ፣ ሐኪሚቱ ይባላል እርግጥ፤ እሱ ግን ስለ አንዲት ስለምትታወቅ ሴት ሲወራ ነው እንጂ ከስም በፊት የሚቀመጥ ማዕርግ አይደለም። ከስም በፊት ያለው «ዶ/ር» ብቻ ነው፤ በእዝባሯ መስመር ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም።

ነገሩ የመጣው ከሩቅ ነው። በግዕዝ ሐኪም «ዐቃቤ ሥራይ» ነው፤ የመድኃኒት ጠባቂ እንደ ማለት። «ዐቃቤ» የሹመት ቃል ነው። ቤተ መንግሥቱ ዐቃቤ ሰዓት ነበረው፤ ፍርድ ቤቱ ዛሬም ዐቃቤ ሕግ አለው። «ሥራይ» ግን መድኃኒትም ነው፣ መርዝም ነው፣ አስማትም ነው። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲወርድ ለሁለት ተሰነጠቀ። ማዕርጉ ከሊቃውንቱ ጋር በመጽሐፍ ውስጥ ቀረ፤ ወደ መንደር የወረደው «ሥራየኛ» የሚለው ስድብ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ሉቃስን በአማርኛ ሲጠራው «ባለ መድኃኒት» ይለዋል፤ ደግ ቃል ነው። መድኃኒት አዋቂ የተባለ ወንድ በመንደሩ ይፈራል፣ ይከበራል፣ ዶሮና ማር ይመጣለታል። ሴት መድኃኒት ታውቃለች ከተባለ ግን የሚቀጥለው ወሬ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል፦ «መድኃኒት አበላችው!»

«ባለ» የሚለውን ቃል ከነካሁ አይቀር፣ «ባለሙያ»ን እንይ። ባለሙያ ነው ሲባል ሥራውን ያወቀ፣ የተማረ፣ የሚጠየቅ ሰው ነው። ባለሙያ ናት ሲባል ደግሞ ወጥ የሚሆንላት ሴት ናት። ቃሉ አንድ፣ የተለወጠው ግሱ ብቻ! አሁን ደግሞ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሐኪሙም ነርሷም «የጤና ባለሙያ» ሆነዋል። እንግዲህ ሐኪሟ ባለሙያ ናት ብዬ ብጽፍ አንባቢ የትኛውን ሊረዳ ነው?

ለሴት የተተወ ስም አንድ አለ፤ አዋላጅ። ቃሉ ራሱ እኮ ጾታ የለውም። ማዋለድን የሚሠራ ሁሉ አዋላጅ ነው፣ ወጌሻ ወንድም ሴትም እንደሚሆነው ሁሉ። ግን «አዋላጁ መጣ» ሲባል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጆሮ ይቆረቁር ነበር። የእንግሊዝኛው «ሚድዋይፍ» እንኳ በጥንት ፍቺው «ከሴቲቱ ጋር ያለ ሰው» ማለት ነው፤ «ዋይፍ» የተባለችው ወላጇ እንጂ አዋላጇ አይደለችም። ዛሬ ባገራችን በሚድዋይፍነት ተመርቀው ወረዳ የሚመደቡ ወንዶች ብዙ ናቸው። የሚያስገርመው ግን ወንዱ አዋላጅ ጤና ጣቢያ በገባ በማግስቱ ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል።

አሁን ወደ «ሐኪም» ልምጣ። ቃሉ ከዐረብኛ ነው የመጣልን፤ በዐረብኛ «ሐኪም» አዋቂ፣ ብልህ ማለት ነው፤ በሕዝቡ ቋንቋ ደግሞ የሚያክም ሰው ይባልበታል። መጽሐፋዊው የዐረብኛ ቃል ግን «ጠቢብ» ነው። በኛ በኩል «ጠቢብ» በግዕዝ ብልህ ማለት ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ቃል ሲለዋወጡ እነሱ ብልሁን ለኛ ሐኪም አድርገው ሰጡን፤ እነሱ ዘንድ ሐኪም የሆነው ጠቢብ ደግሞ እኛ ዘንድ ብልህ እንደሆነ ቀረ። በነገራችን ላይ የግዕዙ ጠቢብ አንስታይ አለው፤ «ጠባብ» ነው። ጥበበኛዋ ሴት ጠባብ ናት። ይህንን በአማርኛ የሰማ ሰው የሚመጣበትን ሐሳብ ለአንባቢ እተዋለሁ።

ሐኪም አማርኛ ውስጥ ሲገባ ብቻውን ነው የገባው። ዐረብኛ «ሐኪማ» የሚል የሴት መጠሪያ አለው፤ እኛ አልወሰድነውም። የዚህን ያልተወሰደ ቃል ታሪክ ሳነብ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የቆረጥኩት።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግብፅን ይገዛ የነበረው መሐመድ ዓሊ ትልቅ ጦር አቋቁሞ ነበር። ጦሩን የሚጨርሰው ጠላት ብቻ አልነበረም። ቂጥኝ ነበረ፤ ፈንጣጣ ነበረ፤ ወረርሽኝ ነበረ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1827 ክሎ ቤይ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም አቡ ዛበል ላይ የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተለት። ጥቂት ቆይቶ ክሎ ቤይ አንድ ነገር ተገለጠለት። ወንዱን ብቻ አክሞ በሽታን ማጥፋት አይቻልም፤ ሴቶቹ ደግሞ በወንድ ሐኪም ፊት አይቀርቡም። ሴት ሐኪሞች ያስፈልጋሉ! እ.ኤ.አ. በ1832 የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪ ግን ጠፋ። ልጁን ሰውነት ስለሚቀደድበት፣ ፈረንጅ ስለሚያስተምርበት ቤት የሚሰጥ አባት አልተገኘም።

ታዲያ ምን ተደረገ? ክሎ ቤይ ወደ ካይሮ የባሪያ ገበያ ወርዶ ተማሪዎቹን ገዛ። አሥር ያህል ልጃገረዶች፣ ከፊሎቹ ሱዳናውያት፣ ከፊሎቹ ሐበሾች። በምጽዋና በሱዳን በኩል ከኛ አገር ወደ ግብፅ የሚሄደው የባሪያ ንግድ በዚያ ዘመን የደራ ነበር። ከነሱም ጋር ሁለት ስልቦች ለትምህርት ገቡ።

ትምህርቱ 6 ዓመት ነው። መጀመሪያ ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ፤ ከዚያ ማዋለድ፣ የእርጉዝና የአራስ እንክብካቤ፣ ቁስል ማሰር፣ የፈንጣጣ ክትባት፣ ዋግምት፣ መድኃኒት መቀመም። የጨረሱት «ሐኪማ» ተባሉ። የጦር መኮንን ማዕርግ፣ የመጨረሻውን የመኮንን እርከን አገኙ። ከወንዶቹ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሐኪም ባል ተፈለገላቸውና ጥንዶቹ ባንድ ላይ ወደ አውራጃ ይመደቡ ነበር። ሕፃናትን ከተቡ፤ ልደት አስመዘገቡ፤ የሞተች ሴት ሬሳ መርምረው የሞቷን ምክንያት ለመንግሥት አስታወቁ። ፖሊስም ይጠራቸው ነበር፤ የደናግልን ነገር መርምራችሁ ንገሩን እየተባለ። የዚህኛው ሥራ ክብር ለማን እንደሆነ እንጃ።

አስቡት እስቲ! እናቷ ቤት በስሟ ስትጠራ የነበረች ልጅ ተሰርቃ ወይም ተማርካ፣ በረሃ አቋርጣ፣ ገበያ ቆማ ተሸጠች። በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ «ሐኪማ» ሆነች፣ በመኮንን ማዕርግ። የሐበሻ ሴት በዘመናዊ ትምህርት ሐኪም ተብላ ከተጠራችባቸው ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ይህ ይመስለኛል። እዚህ አገር ግን ይህ ታሪክ ሲነገር አልሰማሁም። ምናልባት ኩራትና ኀፍረት ባንድ ላይ ስለመጣ፣ የቱን እንደምንይዝ ግራ ገብቶን ይሆናል።

የቃሉ መጨረሻስ? «ሐኪም» በግብፅ ሕዝብ አፍ ሐኪም እንደሆነ ቆየ። «ሐኪማ» ግን እያደር ወረደ። ዛሬ ካይሮ ውስጥ ሐኪማ ነርስ ናት። አንዱ ቃል ነው፤ ጫፉ ላይ አንዲት «አ» ስትጨመርበት አንድ ደረጃ ዝቅ አለ። «ዶክተርት» የሚል ቃል ስላላበጀን እንዳልከፋ ያደረገኝ ይህ ነው። የሴት መለያ ያለው ማዕርግ ሁሉ የሴቷን ክብር ይጠብቃል ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ ማዕርጉን ከስሙ በፊት አድርጎ ያስለመደው ወርቅነህ እሸቴ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በሕፃንነቱ እንግሊዞች ወሰዱት፤ ሕንድ አገር አደገ፤ ላሆር ላይ እ.ኤ.አ. በ1882 ሕክምና ተመረቀ፤ ስኮትላንድም ተምሯል። ከአድዋ ድል በኋላ ወዳገሩ መጣና ሕዝቡ «ሐኪም ወርቅነህ» አለው። ከጊዜ በኋላ «አዛዥ» ሆነ፣ በለንደንም የኢትዮጵያ ሚኒስትር። ግን እስከ ዛሬ በአፋችን ላይ ያለው «ሐኪም ወርቅነህ» ነው። እሱ ያመጣልን የፈረንጆቹ ትምህርት በዚያው ዘመን በገዛ አገሩ ከሴቶች ጋር በማዕርግ ጉዳይ ጦርነት ላይ ነበር።

ኤልዛቤት ብላክዌል እ.ኤ.አ. በ1849 በኒው ዮርክ ክፍለ አገር በምትገኘው ጄኒቫ ኮሌጅ ስትመረቅ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። ለወንዶቹ ሁሉ በላቲን «ዶሚኔ» እያሉ ዲፕሎማ ሲሰጡ ቆይተው፣ ለሷ ሲደርሱ «ዶሚና» አሉ። ባንዲት ፊደል አዲስ ዘመን ገባ። ይሁን እንጂ ከኮሌጁ ደጅ ውጭ «ሴት ሐኪም» የሚለው አጠራር በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ ውስጥ ጽንስ አስወራጅ ማለት ነበር፤ ጋዜጣ ላይ በዚሁ ስም ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ብላክዌል ከበሽተኛ በፊት መታገል የነበረባት ከዚህ ስም ጋር ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ኤልዛቤት ጋሬት እ.ኤ.አ. በ1865 ፈቃድ ያገኘችው በአንድ ቃል ቀዳዳ ነው። የመድኃኒት ቀማሚዎቹ ማኅበር ደንብ ፈቃድ የሚሰጠውን «ለሰዎች» ይል ነበር፤ ለወንዶች አይልም። ሴት ሰው አይደለችም ብሎ መከራከር ስለማይቻል ፈተናውን ወሰደች፤ አለፈች። ወዲያው ደንቡ ተለወጠና ቀዳዳው ተደፈነ።

ያገራችን ሴት ግን ወደ ሆስፒታል የገባችው በሌላ በር ነው። ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ በስደት ሳለች በነርስነት ሠለጠነች፤ እ.ኤ.አ. በ1939 የመንግሥት ምዝገባ አገኘች። ከድል በኋላ ወዳገሯ ተመልሳ በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። የሴቶችን ሕይወት ልታድን ሠልጥና ብዙ ያገሯን ሴቶች በሚገድለው ነገር ሞተች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ከአብዮቱ በኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። «ሲስተር ፀሐይ» ያላት ሰው የለም፤ «ልዕልት» ሁሉን ይሸፍናል።

ለተቀሩት ግን «ሲስተር» መጣ። እ.ኤ.አ. በ1949 የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እንግሊዝ አገር «ሲስተር» መጀመሪያ መነኩሲት ናት፤ ኋላም የአንድ የሕሙማን ክፍል ኀላፊ። እያንዳንዷ ነርስ አይደለችም። እኛ ዘንድ ግን ከትምህርት ቤት የወጣች ነርስ ሁሉ ሲስተር ሆነች፤ ከስሟ በፊት የሚገባ ማዕርግ። መጥፎ ማዕርግ አይደለም። ሌሊት ላይ በሽተኛ ሲጨነቅ የሚጠራው ስም ነው። ችግሩ ማዕርጉ ከሙያው ላይ ተነሥቶ ጾታው ላይ መለጠፉ ነው። ነጭ የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር፣ ነጭ የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር! በገጠር ድሬሰሩ ዶክተር ነው፤ ወንዱ ነርስ ዶክተር ነው፤ 7 ዓመት የተማረችው ሴት ሲስተር ናት።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሌላ ማዕርግ ሰጠን፤ ጤና መኮንን። መኮንን በፈረስ ላይ ያለ፣ ጋሻ ጃግሬ የሚከተለው ሰው ነው። ሴት መኮንን በታሪካችን ወይዘሮ ወይም እመቤት ተባለች እንጂ መኮንን አልተባለችም። አሁን ግን ሴቷም ወንዱም ጤና መኮንን ይባላሉ፤ ማንም አልሣቀም። ካይሮ ላይ ሐኪማዎቹ ያገኙትን የመኮንንነት ስም የኛ ሴቶች ከ120 ዓመት በኋላ በዚህ በኩል ማግኘታቸው ይገርመኛል።

ስለ ስፔሻሊስቶች ብዙ አልልም። በቋንቋ ረገድ የሚያስቸግረው አንዱ ነው፤ «የሴቶች ሐኪም» የማኅፀን ሐኪም ሲሆን «ሴት ሐኪም» ሌላ ነው። «የሴት ሐኪም እፈልጋለሁ» ያለች በሽተኛ የትኛውን እንደፈለገች መዝገብ ቤቱ ደግሞ መጠየቅ አለበት። በሶቪየት ኅብረት የተማሩ ታላላቆቻችን የሚያውቁት ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው። እዚያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሐኪሞቹ ከ3 እጅ 2 እጅ በላይ ሴቶች ነበሩ፤ «ቭራች» የሚለው ቃል ግን የወንድ እንደሆነ ቆየ። ሴቷን «ቭራቺኻ» ማለት መናቅ ነው። እንደኛው ቋንቋ ጾታው የሚታወቀው ግሱ ላይ ነው፤ ቭራች መጣች።

አንድ ማዕርግ ግን ልለፈው አልችልም፤ የማዕርግ አልባነት ማዕርግ። እንግሊዝ አገር ቀዶ ሐኪም ዶክተር አይባልም። «ሚስተር» ነው፤ ሴቷም ባል ብታገባም እንኳ እንደ ልማዱ «ሚስ»። ምክንያቱ ያረጀ ነው። ቀዶ ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. ከ1540 ጀምሮ ከፀጉር አስተካካዮች ጋር ባንድ ማኅበር ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በጌታ እጅ ሥር ነበር የሚማሩት። በ1745 ተለያዩ፤ በ1800 ንጉሣዊ ኮሌጅ ሆኑ። ዶክተሮቹ ሲንቋቸው ኖረው፣ ኋላ ላይ ንቀቱን ራሱን መኩሪያ አደረጉት። ዛሬ አንድ ሐኪም የቀዶ ፈተናውን ሲያልፍ «ዶክተር»ን ጥሎ «ሚስተር» ይሆናል፤ በደስታ።

ይኸው ንጉሣዊ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1989 በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል ለሚሠሩት ቀዶ ሐኪሞች የወርቅ ሜዳይ ሲሰጥ ከተሸለሙት አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት። ማሚቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ከምጥ በኋላ ተጎድታ የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ካትሪንና ሬጅናልድ ሃምሊን ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ውስጥ አከሟት። ካልጋዋ ስትነሣ ያልጋ ልብስ ማንጠፍ ጀመረች፤ ከዚያ በቀዶ ክፍሉ በሽተኛ መያዝ፤ ከዚያ መቀስ ማቀበል፤ ከዚያ መስፋት። በመጨረሻ ሌሎች ሐኪሞችን ታስተምር ጀመር። ያ የጥንቶቹ ቀዶ ሐኪሞች መንገድ ነው፤ በጌታ እጅ ሥር። ዶክተር እንዳይባሉ የሚኮሩት ሰዎች፣ ዶክተር የሚያሰኝ ወረቀት የሌላትን ሴት ከራሳቸው ጋር ቆጠሯት። ባማርኛ ከስሟ በፊት ምን ብለን እንጻፍ? ሲስተር አይደለችም። ዶክተርም አይደለችም። «ሐኪም ማሚቱ» ብል ደስ ይለኛል፤ ያ የወርቅነህ ማዕርግ እኮ ባዶውን ተቀምጧል።

አክስቴ ውጤቷን ልትሰማ ከ15 ቀን በኋላ ተመልሳ ሄደች፤ እኔ ፈተና ስለነበረብኝ የአጎቴ ልጅ ወሰዳት። ማኅፀኗ መውጣት እንዳለበት ተነገራት፤ ጊዜው ገና ሳያልፍ ነው የተደረሰበት ተባለ። ማታ ስመጣ ጎረቤቶች ቡና ላይ ከበዋት ታወራለች።

«ሐኪሜ ለጥቅምት ቀጠሩኝ» ትላለች። «ራሳቸው ናቸው የሚቀዱኝ ሐኪም ጋ የሚወስዱኝ። ቁጭ አርገው ነው ያስረዱኝ።»

«ደግ ሰውዬ ናቸው እቴ» አለች አንዷ ጎረቤት።

አክስቴ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ሴትዮ ናቸው» አለች።